ከሚያውቀው በላይ የማይናገር መሣሪያ

የዚህን ትምህርት ዋና ሐሳብ አስቀድሜ ልናገር፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የእሱ ማብራሪያ ነው። የበረራ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው መሣሪያው ከሚያውቀው በላይ እንዳይናገር አድርጎ መሥራቱን ነው። የቁጥሩ ጥራት፣ የስክሪኑ ውበት፣ የዋጋው ቅናሽ ሁሉም ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። ቁጥር ማሳየት ዛሬ ቀላል ሆኗል። ከጥፍር የማይበልጥ ሴንሰርና ርካሽ ማይክሮፕሮሰሰር ገዝቶ ከፍታ የሚያነብ ስክሪን መሥራት ለትጉህ ተማሪ የእረፍት ጊዜ ሥራ ነው። የሚከብደው ያ ስክሪን የያዘው ቁጥር ሐሰት የሆነበትን ቅጽበት ራሱ እንዲለይና ቁጥሩን ከአብራሪው ዓይን እንዲያነሳ ማድረግ ነው።

ሲያትልና አካባቢዋ ለዚህ ትምህርት የተመቹ ናቸው። ከከተማዋ በስተደቡብ በሬንተን የቦይንግ 737 ፋብሪካ አለ፤ በስተሰሜን በኤቨረት ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ይገጣጠማሉ። በስተሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ዉድንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ጆን ቶሮድ የመሠረተው ዳይነን አቪዮኒክስ የተባለ ድርጅት ሥራውን አሳድጓል። ሰዎች በገዛ ጋራዣቸው ለሚሠሯቸው አውሮፕላኖች የሚሆን አነስተኛ ኤሌክትሮኒክ የበረራ ስክሪን በ2003 ለገበያ ያቀረበው ይህ ድርጅት ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ስክሪን በአብዛኛው የአየር መንገዶችና የባለጸጎች ዕቃ ነበር። ወደ መንገደኛ አውሮፕላን ቀድመው ካስገቡት አንዱ በ1982 አገልግሎት የጀመረው የኤቨረቱ ቦይንግ 767 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም 767ን ቀደም ብለው ከተረከቡት አንዱ ነበረ፤ በሰኔ 1984 አዲሱ አውሮፕላኑ ከዋሽንግተን ዲሲ ተነሥቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ሲገባ ለባለ ሁለት ሞተር መንገደኛ አውሮፕላን የርቀት ክብረ ወሰን አስመዝግቧል።

በአሜሪካ ሕግ አንድ ሰው የአውሮፕላኑን አብዛኛውን ክፍል ለመማርና ለመዝናናት ብሎ በራሱ እጅ ከሠራ አውሮፕላኑ «ኤክስፐሪሜንታል» ተብሎ ይመዘገባል፤ ቃሉም በጉልህ ይጻፍበታል። በዚህ ምድብ የገባ አውሮፕላን ሰውን በክፍያ ማጓጓዝ አይችልም። በፋብሪካ ለተሠራ አውሮፕላን የሚቀርብ መሣሪያ የፌዴራሉ አቪዬሽን አስተዳደር ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ ሶፍትዌሩም በጥብቅ ሥርዓት ይመረመራል። በኤክስፐሪሜንታሉ ላይ ግን እንደ ትራንስፖንደር ያሉ ጥቂት ዕቃዎች ሲቀሩ ሠሪው ያመነበትን መሣሪያ መግጠም ይችላል። ይህ ነፃነት ትልቅ በረከት ነው። አዲስ ሐሳብ የቢሮክራሲን ደጅ ሳይጠና ሰማይ ላይ እንዲሞከር ያደርጋል። እንዲያውም በጋራዥ አውሮፕላኖች ላይ የተፈተነው የዳይነን ስክሪን በ2016 እንደ ሴስና 172 ባሉ የፋብሪካ አውሮፕላኖች ላይ እንዲገጠም ተፈቅዷል። ነገር ግን ሕጉ መርማሪውን ሲያነሳ ምርመራውን አላነሳም። የመርማሪው ወንበር ለሠሪው ተላለፈ እንጂ ባዶ አልቀረም።

ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም ባዕድ አይደለም። በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር አዲስ አበባ ውስጥ የሠራት «ፀሐይ» የተባለች አውሮፕላን ጣሊያን ወስዷት ለብዙ ዘመን ከኖረች በኋላ በ2024 ወደ አገሯ ተመልሳለች። በእኛ ዘመንም አስመላሽ ዘፈሩ ከየቦታው ባሰባሰበው ዕቃና በአሮጌ የቮልስዋገን ሞተር ኬ-570ኤ የተባለች አውሮፕላን ሠርቶ በ2015 ለማብረር ሞክሯል፤ «ኬ» የእናቱ የኪሮስ ስም መነሻ ናት። ከእነዚህ ሰዎች ቀጥሎ የሚነሣው ወጣት መሣሪያውንም ጭምር ራሱ እንዲሠራ እመኛለሁ። ይህን የምጽፈው በአብዛኛው ለእሱና ለእሷ ነው።

ከአየር እንጀምር። አውሮፕላን ፍጥነቱንና ከፍታውን የሚያውቀው በሁለት ዓይነት ቀዳዳዎች ነው። አንዱ ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞረው ፒቶት ቱቦ ሲሆን ከፊት የሚመጣውን አየር ይቀበላል። ሌላው በአውሮፕላኑ ጎን ያለው ስታቲክ ቀዳዳ የአካባቢውን ጸጥ ያለ ግፊት ይለካል። ስታቲኩ ብቻውን ከፍታን ይነግረናል፤ የሁለቱ ልዩነት ደግሞ ፍጥነትን።

እዚህ ላይ ቁጥሮቹን ቀስ ብለን እንያቸው። በባሕር ጠለል ላይ የከባቢ አየር መደበኛ ግፊት 101,325 ፓስካል ነው። በ100 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ስንበር ፒቶቱ በዚህ ላይ የሚጨምረው 1,620 ፓስካል ገደማ ነው። ግፊቱ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ በ50 ኖት ወደ አንድ አራተኛ ወርዶ 405 ፓስካል ይሆናል። እንግዲህ ሴንሰራችን 100 ፓስካል ያህል ቢስት ምን እንደሚሆን እናስላ። በ100 ኖት ላይ ስሕተቱ 3 ኖት ብቻ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። በ50 ኖት ላይ ወደ 6 ኖት ይጠጋል። መሬት ላይ ቆመን ሳለ ስክሪኑ 25 ኖት ያህል እየበረራችሁ ነው ሊለን ይችላል። ስሕተቱ የሚከፋው አውሮፕላኑ ዝግ ሲል፣ ክንፉ አውሮፕላኑን ተሸክሞ መቆየት ሊያቅተው ሲቃረብ፣ ማለትም አብራሪው ቁጥሩን ከምንጊዜውም በላይ በሚፈልግበት ሰዓት ነው። የሴንሰሩ መግለጫ ወረቀት ላይ «ከሙሉ ልኩ 1 በመቶ» የሚል ቃል ስታዩ አትደሰቱ። ያ አንድ በመቶ በዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ስንት ኖት እንደሚሆን ራሳችሁ አስሉ።

ከፍታም የራሱ ጠባይ አለው። ሲያትል ውስጥ ባለው በቦይንግ ፊልድ፣ ከባሕር ጠለል ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ባለው ማረፊያ፣ የ1 ሄክቶፓስካል ለውጥ ከ8 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ከፍታ ማለት ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለው በቦሌ አየሩ ስለሚሳሳ ያው 1 ሄክቶፓስካል ከ10 ሜትር ይበልጣል። የፍጥነት መለኪያውም በቦሌ ከፍታ 100 ኖት ሲያሳይ አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በእርግጥ 112 ኖት ያህል እየተጓዘ ነው፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ይህ ውሸት አይደለም። ክንፉን የሚያነሳው ግፊቱ ስለሆነ አብራሪው የሚፈልገው የግፊቱን ቁጥር ነው። ነገር ግን ስክሪን የሚሠራ ሰው የትኛውን ፍጥነት የት እንደሚጽፍ፣ የትኛውንም ለየትኛው ስሌት እንደሚወስድ ጠንቅቆ መለየት አለበት። በባሕር ጠለል አጠገብ የተሠራ ሶፍትዌር ሁለቱን ሲያደባልቅ ስሕተቱ አይታይም፤ አዲስ አበባ ሲመጣ ይታያል።

ቀዳዳዎቹ ሲዘጉስ? በ1996 በአንድ ዓመት ውስጥ ሬንተን የተሠሩ ሁለት ቦይንግ 757 አውሮፕላኖች በዚህ ምክንያት ጠፍተዋል። በየካቲት ወር ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተነሣው ቢርጌንኤር 301 አንዱ ፒቶቱ ተዘግቶ ነበር፤ መርማሪዎቹ ተርብ ጎጆ ሠርቶበት ሊሆን እንደሚችል ገመቱ፤ 189 ሰዎች ሞቱ። በጥቅምት ወር ከሊማ የተነሣው ኤሮፔሩ 603 ደግሞ ሲጸዳ በስታቲክ ቀዳዳዎቹ ላይ የተለጠፈው ቴፕ ሳይነሳ በሌሊት በረረ፤ 70 ሰዎች ሞቱ። ፒቶቱ በተዘጋው አውሮፕላን ውስጥ የሆነውን በደንብ ተረዱት። ቱቦው ውስጥ የታፈነው ግፊት ባለበት ይቆያል። አውሮፕላኑ ሲወጣ የውጭው ግፊት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ያድጋል፤ ስክሪኑም ፍጥነት እየጨመረ ነው ይላል። አብራሪው ከመጠን በላይ እየፈጠነ የመሰለው በእውነት ግን እየዘገየ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሴንሰሩ ቅንጣት አልተሳሳተም። የደረሰውን ግፊት በትክክል ለክቶ በትክክል አስረክቧል። የኤሌክትሮኒክሱን ጤንነት ብቻ የሚመረምር ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ጥፋት በፍጹም አያገኘውም።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ፤ አውሮፕላኑ ወዴትና ምን ያህል እንዳዘነበለ ማወቅ። ሰው አድማስ ሲያይ ይህ ጥያቄ አይነሳበትም። ደመና ውስጥ ሲገባ ግን ሚዛኑን የሚጠብቅለት የውስጥ ጆሮው ያታልለዋል፤ መዞሩ ወጥ ሆኖ ሲቆይ ጆሮ መዞሩን መስማት ያቆማል፤ ቀስ ያለ ማዘንበልንም ከመጀመሪያው አይሰማም። በ1954 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት በመሣሪያ መብረር ያልተማሩ 20 ሰዎች የውጭውን ማየት ሲከለከሉ ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው፤ በአማካይ የፈጀባቸው ጊዜ 178 ሰከንድ ነበር። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ክረምቱን በዝቅተኛ ደመና ተሸፍና በምትከርመው፣ ግራና ቀኟን በኦሊምፒክና በካስኬድ ተራሮች በተከበበችው ሲያትል ይህ የወረቀት ቁጥር ብቻ አይደለም።

ሰው ሠራሽ አድማስ ለመሳል ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ጋይሮ ነው፤ ዛሬ በሲሊኮን ላይ የተቀረጸ የሚንቀጠቀጥ ቅንጣት ሲሆን በሰከንድ ስንት ዲግሪ እንደዞርን ይነግረናል። ፕሮግራሙ ይህን እየደመረ ያለንበትን ማዘንበል ያወጣል። ችግሩ መደመሩ ላይ ነው። ጋይሮው ሳይዞር በሰከንድ 0.1 ዲግሪ ዞርኩ ቢል በአንድ ደቂቃ 6 ዲግሪ፣ በአምስት ደቂቃ 30 ዲግሪ ያጠራቅማል። ይህ ስሕተት ደግሞ እንደ ሙቀቱ ይለዋወጣል፤ በማለዳ በቀዝቃዛ ጋራዥ የተስተካከለው መሣሪያ ቀትር ላይ ፀሐይ ባጋለው ኮክፒት ውስጥ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው አክስለሮሜትር ነው፤ የመሬት ስበት በየት በኩል እንደሆነ ይነግረናል። አይከማችም፣ አይንሸራተትም። ግን በሚዞር አውሮፕላን ውስጥ ይሳሳታል። አውሮፕላን በትክክል አዘንብሎ ሲዞር የመዞሩ ኃይልና ስበቱ ተደምረው ቀጥ ብለው ወደ ወለሉ ይጫናሉ። በዚያ ሰዓት ውሃ የሞላ ብርጭቆ ወለሉ ላይ ብታስቀምጡ አይፈስም። አክስለሮሜትሩም ቅን ሆኖ «ቀጥ ብለናል» ይላል፤ አውሮፕላኑ ግን አዘንብሏል። ጋይሮን ብቻ ያመነ ቀስ እያለ ይስታል፤ አክስለሮሜትርን ብቻ ያመነ በመጀመሪያው ዙር ይስታል።

መፍትሔው የመዞሩን ኃይል አስልቶ መቀነስ ነው። ፍጥነቱን ካወቅን፣ በሰከንድ ምን ያህል እንደምንዞርም ጋይሮው ከነገረን፣ ሁለቱን ስናባዛ ወደ ጎን የሚስበውን ኃይል እናገኛለን። በ100 ኖት እየበረርን በሰከንድ 3 ዲግሪ ብንዞር ኃይሉ በሰከንድ ካሬ 2.7 ሜትር ያህል ነው። ይህን ከአክስለሮሜትሩ ንባብ ስንቀንስ የቀረው እውነተኛው ስበት ነው፤ ማዘንበላችንም 15 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይወጣል። ስሌቱ ያማረ ነው። ግን ፍጥነቱን ከየት አመጣነው? ከፒቶት ቱቦው ነው! ስለዚህ ቱቦው ውስጥ የገባ ተርብ የፍጥነት ቁጥርን ብቻ አያበላሽም፤ አድማሱንም ሊያጣምም ይችላል። ብዙ ጀማሪ ሠሪዎች ይህን ሰንሰለት አያዩትም። ስክሪኑ ላይ ፍጥነት በአንድ ሳጥን፣ አድማስ በሌላ ቦታ፣ ከፍታ በሦስተኛው ስለሚታዩ ሦስት የማይገናኙ ነገሮች ይመስሏቸዋል፤ ከስር ግን ደማቸው አንድ ነው። በዳይነን ስክሪን ላይ የአየር ፍጥነቱ ሲጠፋ ስሌቱ የጂፒኤስን ፍጥነት ይዋሳል፤ በዚያን ጊዜም «ጂፒኤስ አሲስት» የሚል ጽሑፍ ለአብራሪው ያወጣል። ይህን አሠራር እወደዋለሁ። መሣሪያው መሥራቱን አላቆመም፤ ነገር ግን በተውሶ እየሠራ መሆኑን አልደበቀም።

ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ነው። ሴንሰር ምስክር ነው። በአገራችን ሸንጎ ላይ አስተዋይ ዳኛ ምስክር ሲቀርብለት ቃሉን ብቻ አይሰማም። የት ቆመህ አየህ፣ በዓይንህ ነው ወይስ ሰው ነግሮህ፣ ከተከራካሪው ጋር ምን ዝምድና አለህ ብሎ ይጠይቃል። ሦስት ምስክሮች ከአንድ ሰው የሰሙትን ቢደግሙ ለዳኛው አንድ ምስክር ናቸው። ሰኔ 1 ቀን 2009 አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የጠፋው ኤር ፍራንስ 447 ሦስት ፒቶት ቱቦዎች ነበሩት። ከፍ ባለው ደመና ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ባንድ ጊዜ ስላወካቸው የሦስትነታቸው ጥቅም ጠፋ፤ በአውሮፕላኑ የነበሩት 228 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። ስለዚህ ሁለተኛ ሴንሰር ስትጨምሩ ከመጀመሪያው የተለየ መንገድ ይኑረው፤ ሌላ ቀዳዳ፣ ሌላ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ቢቻል ሌላ የአለካክ ዘዴ።

ምስክሮቹን የሚያመዛዝነውን ስሌት ብዙ ሠሪዎች የሚያገኙት ሩዶልፍ ካልማን በ1960 ካሳተመው ሥራ ነው። ካልማን ፊልተር በየቅጽበቱ «አሁን ይህን ማየት አለብኝ» ብሎ ይገምታል፤ ከዚያ ሴንሰሩ ካመጣው ቁጥር ጋር ያስተያያል፤ ልዩነቱንም እንደየምስክሩ ታማኝነት እየመዘነ ግምቱን ያርማል። ብዙ ሰው ግምቱን ካረመ በኋላ ልዩነቱን ይጥለዋል። እኔ ግን ከስሌቱ ሁሉ ውዱ ነገር ያ ልዩነት ይመስለኛል። ልዩነቱ ደጋግሞ በአንድ ወገን ሲያጋድል፣ ሊኖረው ከሚገባው ስፋትም ሲያልፍ፣ ከምስክሮቹ አንዱ እውነቱን እየተናገረ አይደለም ማለት ነው። ፕሮግራሙ ይህን መዝግቦ መያዝና ከወሰኑ ሲያልፍ መናገር አለበት።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው የጋራዥ ሥራን ብቻ ነው የሚል ካለ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.ን ያስታውስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302፣ ሬንተን የተሠራ ቦይንግ 737 ማክስ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። በአፍንጫው ግራና ቀኝ አየሩ አውሮፕላኑን የሚያገኝበትን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉ። ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ የቀኙ ወደ 15 ዲግሪ ሲያሳይ የግራው 74.5 ዲግሪ ደረሰ። ምንም መንገደኛ አውሮፕላን በዚያ ማዕዘን አይበርም። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ግን በዚያ በረራ የሚሰማው የግራውን ብቻ ነበር። አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀና አለ ብሎ አምኖ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ ታገሉት። በስድስት ደቂቃ ውስጥ አውሮፕላኑ ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ፤ 157 ነፍስ ጠፋ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ ላየን ኤር 610 በዚሁ ሶፍትዌር ምክንያት ከ189 ሰዎች ጋር ጠፍቶ ነበር።

ሲያትል ውስጥ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህን ሐዘን በተለየ መልኩ ተሸክመነዋል። ብዙዎቻችን የምንኖርበትና የምንነግድበት የሬኒየር ጎዳና ወደ ደቡብ ሲዘልቅ የሚያደርሰው ሬንተን ነው። ሴንሰሩ ለምን ተበላሸ በሚለው ላይ የኢትዮጵያና የአሜሪካ መርማሪዎች አልተስማሙም። ለመሣሪያ ሠሪ ግን ትምህርቱ በዚያ ክርክር ላይ አይንጠለጠልም። ሴንሰር በማንኛውም ምክንያት ይበላሻል። ጥፋቱ አንድ ምስክር ብቻ ሰምቶ የአውሮፕላንን አፍንጫ የሚገፋ ሥልጣን መስጠት ነው፤ ሁለተኛው ምስክር እዚያው፣ ሜትሮች ርቆ፣ ቆሞ ሳለ። ከዚህም በላይ ሁለቱ ሴንሰሮች ሲለያዩ ለአብራሪው የሚነግረው ማስጠንቀቂያ በአብዛኞቹ የማክስ አውሮፕላኖች ላይ አይሠራም ነበር። በተጨማሪ ክፍያ ከሚገኝ ሌላ ማሳያ ጋር በስሕተት ስለተያያዘ ማሳያውን ያልገዛ ማስጠንቀቂያውንም አላገኘም፤ ቦይንግም ይህን በ2019 አምኗል። በኋላ ሶፍትዌሩ ሁለቱንም ሴንሰሮች እንዲያስተያይና ልዩነታቸው ከ5.5 ዲግሪ ሲያልፍ እጁን እንዲሰበስብ ተደርጎ ታረመ። የአሜሪካው አቪዬሽን አስተዳደር በኅዳር 2020 ዳግም በረራውን ፈቀደ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በየካቲት 2022 ማክስን መልሶ ወደ ሥራ አስገባ። ለእርማቱ ያስፈለገው አዲስ ፊዚክስ አልነበረም። ሁለት ቁጥሮችን ቀንሶ ልዩነቱን ማየት ነው። በጋራዣችሁ ፕሮግራም ስትጽፉ ይህች አንዲት የመቀነስ መስመር እንዳትቀር አደራ እላለሁ።

ልዩነቱ ከታየ በኋላስ መሣሪያው ምን ያድርግ? ሦስት ነፃ ምስክሮች ካሉ የተለየውን መተው ይቻል ይሆናል። ሁለት ብቻ ካሉና ከተጣሉ ማንኛው እውነተኛ እንደሆነ አይታወቅም፤ ስለዚህ መምረጥ የለበትም። አማካይ መውሰድ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ከ15 እና ከ74.5 መካከል ያለው ቁጥር ለማንም እውነት አይደለም። በብዙ ዘመናዊ ስክሪኖች ላይ ያልታመነ ቁጥር ይጠፋና በቦታው ትልቅ ቀይ የመስቀል ምልክት ይሰመራል። ደካማ የሆነ ቀለም፣ በማዕዘን የተጻፈ ትንሽ ማሳሰቢያ፣ የሚያበራና የሚጠፋ ነጥብ አይበቃም። የተጨነቀ ሰው ዓይን ቁጥር ካገኘ ያነበዋል፤ ካነበበው ያምነዋል።

ከሐሰተኛ ቁጥር ጋር የሚመደብ ሌላ አደጋ የቆመ ስክሪን ነው። ፕሮሰሰሩ ሲደነዝዝ የመጨረሻው ሥዕል ስክሪኑ ላይ ሊቀር ይችላል። አድማሱ ቀጥ ብሎ፣ ቁጥሮቹ አምረው ይታያሉ፤ አውሮፕላኑ ግን እየወደቀ ነው። ለዚህ ሁለት መድኃኒት አለ። ከዋናው ፕሮግራም ውጭ ያለ ትንሽ ሰርኪዩት በየቅጽበቱ የሕይወት ምልክት ይጠይቅ፤ ምልክቱ ሲቀር ስክሪኑን አጥፍቶ እንደገና ያስነሳ። እያንዳንዱም ቁጥር የተለካበትን ሰዓት ይዞ ይጓዝ፤ ዕድሜው ካለፈ ፕሮግራሙ ራሱ ያንሳው። አየር ላይ ዳግም የሚነሣ መሣሪያ ደግሞ «ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ» ብሎ መጀመር የለበትም፤ እየዞረ ሳለ የተነሣ ከሆነ በሐሰት ላይ ይገነባል። እስኪረጋጋ ድረስ አድማሱን አያሳይ። በዚያ መሐል አብራሪውን የሚያቆየው በሌላ ባትሪ የሚሠራ፣ ሌላ ሰው የሠራው ሁለተኛ መሣሪያ ነው፤ ገንዘብ ሲያጥር ይህን አትቀንሱ።

ስለ ንዝረት ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር ስለሆነ። ባለ አራት ሲሊንደር የቮልስዋገን ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ሲሊንደሮቹ ተራ በተራ በሰከንድ 100 ጊዜ ይተኩሳሉ። ሠሪው አክስለሮሜትሩን በሰከንድ 100 ጊዜ የሚያነብ ፕሮግራም ቢጽፍ ንዝረቱን ሁልጊዜ በአንድ ነጥቡ ላይ ያገኘዋል። ንዝረቱ በንባቡ ውስጥ እንደ ንዝረት መታየቱ ይቀርና የማይንቀሳቀስ ኃይል ይመስላል፤ አድማሱም ያለ ምክንያት ያዘነብላል። ሞተሩ ፍጥነቱን ትንሽ ሲለውጥ አድማሱ ቀስ ብሎ መወዛወዝ ይጀምራል። ከሞተሩ በብዙ እጥፍ እየፈጠኑ ማንበብ፣ ከዚያ ማጣራት፣ ሳጥኑንም በሚገባ በተመረጠ ላስቲክ ላይ ማሰር ይህን ይፈውሳል። መግነጢሳዊ ኮምፓሱን በተመለከተ ከብረትና ወፍራም ጅረት ከሚያልፍበት ሽቦ አርቃችሁ ክንፍ ወይም ጭራ ውስጥ ግጠሙት። መብራቱንና ፓምፑን አንድ በአንድ እያበራችሁ አቅጣጫው ይወዛወዝ እንደሆነ ተመልከቱ።

መፈተኛ መሣሪያ ውድ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ በታጠፈ ቅርጽ ሰሌዳ ላይ ሰቅላችሁ ውሃ ጨምሩበት፤ አንዱን ጫፍ ከፒቶቱ ጋር በቅርንጫፍ አገናኙ፤ በሲሪንጅ ቀስ አድርጋችሁ አየር ግፉ። በሁለቱ ወገን ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት 165 ሚሊ ሜትር ሲሆን ስክሪናችሁ 100 ኖት ማሳየት አለበት፤ 41 ሚሊ ሜትር ሲሆን 50 ኖት። መለኪያው በግፊት ላይ የቆመ ስለሆነ በሲያትልም በአዲስ አበባም ቁጥሩ ያው ነው። ሲሪንጁን ይዛችሁ ጥቂት ጠብቁ፤ ውሃው ቀስ በቀስ ከወረደ ቱቦው ያፈስሳል። በአፍ አትንፉ፤ የሳንባ ግፊት ስስ ሴንሰርን ሊሰብር ይችላል።

በጋራዥ የተሠራ አዲስ አውሮፕላን በአሜሪካ መንገደኛ ከመጫኑ በፊት ሰው በማይበዛበት ሰማይ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 40 ሰዓት የሙከራ በረራ ይፈጽማል። መሣሪያችሁ ከዚያ በፊት መሬት ላይ የራሱን ፈተና ይውሰድ። አውሮፕላኑን አስራችሁ መሣሪያውን አብሩና በየተራ ምስክሮቹን ያዙበት። የጂፒኤሱን አንቴና ንቀሉ። የፒቶቱን መስመር በሲሪንጅ 80 ኖት ላይ አስራችሁ ተዉት፤ ጂፒኤሱ ቆመናል ሲል ስክሪኑ ልዩነቱን ያነሳ እንደሆነ እዩ። የኮምፓሱን ሽቦ አላቅቁ። ዋናውን ኤሌክትሪክ ቆርጣችሁ መልሱ። በእያንዳንዱ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ምን እንደታየና ከስንት ሰከንድ በኋላ እንደታየ በደብተር ጻፉ። አንዱን ስትነቅሉ ስክሪኑ ምንም ካልተለወጠ ፕሮግራሙ ያንን ሴንሰር ከመጀመሪያውም እየጠየቀው አልነበረም ማለት ነው፤ ወደ ኮዱ ተመልሳችሁ የት እንደተዘለለ ፈልጉ።